ወንድሜን የዘጋሁበት ብርድ

ሰኞ

ብርዱ ዛሬ ገባ። ባለቤቴ ማሞቂያው ይብራ አለች፣ አበራሁ። ከቤት ስንወጣ አጠፋሁ። ስንመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና እኔን እንደ ግድግዳ አየችኝ።

"ሰው በሌለበት ክፍል ሙቀቱ ለማን ነው? ለወንበሩ?" ብዬ በትሕትና ጠየቅኋት።

"ወንበሩ ቢሞቅ ኖሮ እኔ ስቀመጥበት ይሞቀኝ ነበር።"

ይህ መልስ አይደለም፣ ቅሬታ ነው። ልዩነቱን አስረዳኋት። ወደ መኝታ ቤት ገባች፤ ከነካፖርቷ።

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ የሆነው ነገር በኋላ ተጣሞ እንዳይወራ ከሥሩ ልጻፈው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በበረዶ ፋብሪካ ነው፤ የማሽን ጠባቂ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዕድሜውን የጨረሰው በዳቦ ቤት ምድጃ ፊት ነው። ትምህርት ቤት ሁለታችንም ብዙ አልቆየንም። እኔ ግን መጻሕፍት እየገዛሁ፣ ያልገባኝን ገጽ እስኪገባኝ እየደጋገምኩ ሙቀት ምን እንደሆነ ተምሬያለሁ። እሱ ሙቀትን የሚያውቀው በቅንድቡ ነው። ሁለቴ ተቃጥሎበታል።

ጡረታ ስወጣ አንድ የሚዘጋ መሥሪያ ቤት የጣለውን ትልቅ ኮምፒውተር አምጥቼ በዕቃ ቤታችን ውስጥ የሰፈራችንን የመልእክት ጣቢያ አቆምኩ። ነገሩ ቀላል ነው። መሀል ላይ ተቀምጦ ሁሉን የሚያዝ ድርጅት የለም። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ማሽን አለው፤ ማሽኖቹ እንደ ፖስታ ቤቶች መልእክት ይቀባበላሉ። የእኛ ሰፈር ሰው በእኔ ማሽን የጻፈውን፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰው በራሱ ሰፈር ማሽን ያነበዋል። ማንም የማንም ጌታ አይደለም። እያንዳንዱ ጣቢያ ግን ጠባቂ አለው፤ የእኛ ጠባቂ እኔ ነኝ፤ ሕግም አውጥቻለሁ። ሰላምታ ሳያስቀድሙ መጻፍ ክልክል ነው። ሳይለኩ ስለ ቁጥር ማውራት ክልክል ነው። በሳቅ ምልክት ብቻ መመለስ ክልክል ነው።

የማዶው ጣቢያ ጠባቂ ወንድሜ ነው። ማሽኑን ማን አቆመለት? እኔ። ሕግ የለውም። "ግቡና ተጫወቱ" የሚል ብቻ ጽፎ ለጥፏል።

ዛሬ ጠዋት ስለ ማሞቂያ በጨዋነት ጻፍኩ። ከቤት ስትወጡ አጥፉ አልኩ። ቤቱ ከውጭው ይበልጥ በሞቀ ቁጥር በግድግዳው የሚያመልጠው ሙቀት ይበዛል፤ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ማምለጡም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማጥፋት ሁልጊዜ ያዋጣል። ወንድሜ በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ ሲል መለሰ፦ "ጋሼ፣ ምድጃ አይጠፋም። የቀዘቀዘ ጡብ መልሶ ለማሞቅ የሚፈጀውን እንጨት እኔ ነኝ የማውቀው። በዝቅታ ተወውና ቀኑን ሙሉ ይቆይ።"

ሰዉ ወደደለት። እኔም፣ የዳቦ ቤት ምድጃ በየቀኑ ይጋገርበታል፤ የባለቤቴ ሳሎን ዳቦ ቤት ነው ወይ? ብዬ ጠየቅሁ።

"የባለቤትህ ሳሎን በረዶ ፋብሪካ ነው ወይ?" አለ።

ሳቁ። ማዶ ያሉት ብቻ አይደሉም፣ የእኔም ጣቢያ ሰዎች ሳቁ። በሳቅ ምልክት ብቻ።

ረቡዕ

ዘጋሁት። ወንድሜን ብቻ አይደለም፣ ጣቢያውን በሙሉ። አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ከማዶ አይገባም፣ ወደ ማዶ አይወጣም። ጸጥ አለ። ደስ ይላል።

ዓርብ

ጠረጴዛዬን ወደ ዕቃ ቤት አዛወርኩ። ሳሎኑን ለእኔ ስል ማሞቅ አያስፈልግም። ማሽኑ የሚበላው ኤሌክትሪክ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ነው የሚሆነው። ወሬ ሲበዛ ማሽኑ ይሠራል፣ ሲሠራ ይግላል፣ ሲግል እኔ እሞቃለሁ። ሰፈሩ ሲጨቃጨቅ የእኔ እግር ይሞቃል። ከዚህ የተሻለ ቁጠባ ያሳየኝ ሰው የለም።

ባለቤቴ የታጠቡ ካልሲዎች አምጥታ ማሽኑ ላይ አሰጣች። አነሳኋቸው። እርጥብ ነገር ሲደርቅ ሙቀት ይወስዳል፣ ክፍሌን ታቀዘቅዢዋለሽ አልኳት።

"ካልሲዎቹ የአንተ ናቸው።"

መልሼ አሰጣኋቸው።

ቅዳሜ

ፀጉር ልስተካከል ሄድኩ። ፀጉር አስተካካዩ የጣቢያችን አባል ነው፤ እጁ ጥሩ ነው፣ አፉ አያርፍም። ዛሬ ግን መቀሱ ብቻ ነበር የሚያወራው። በመጨረሻ አልቻለም።

"ጋሼ፣ እህቴ እኮ ማዶ ናት።"

"አውቃለሁ።"

"ከረቡዕ ወዲህ የጻፈችው አይደርሰኝም፣ የጻፍኩት አይደርሳትም።"

"ደውልላት።"

"ደወልኩ። ጋሼ ምን ሆነው ነው አለችኝ።"

"መርህ ነው በላት።"

"ብያታለሁ። መርሁ ስንት ቀን ይፈጃል አለችኝ።"

አልመለስኩም። አንገቴ ላይ ምላጭ ይዞ ነበር። ከፍዬ ስወጣ ደግሞ፣ "ማዶ እኮ 'ጋሼ ዲግሪ' ነው የሚሉዎት" አለኝ።

"ዲግሪ የለኝም። በራሴ ነው ያነበብኩት።"

"የትምህርት ቤቱን አይደለም ጋሼ። የቴርሞሜትሩን ነው።"

ሰኞ

ከእኛ በላይ የሚኖሩት ጡረተኛዋ መምህርት ጣቢያው ላይ እንዲህ ጻፉ፦ "ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ብርድ የሚያሞቀኝ ብርድ ልብሴ ብቻ ነው።" ሰላምታ አስቀድመዋል፣ እሱ ደህና። ግን ብርድ ልብስ አያሞቅም። እሳት የለው፣ ሽቦ የለው፣ በምኑ ያሞቃል? የሰውዬውን የራሱን ሙቀት እንዳያመልጥ ይይዛል እንጂ። ጽሑፉን አነሳሁና ምክንያቱን በጨዋ ቋንቋ ላክሁላቸው።

ደረጃው ሥር ጠበቁኝ።

"የከለከሉት እኔን ነው ወይስ ብርድ ልብሴን?"

"ስህተቱን ነው።"

"እንግዲያው ስህተቴን ይዤ እሄዳለሁ" አሉና ወደ ላይ ወጡ። የሚሄዱት ወደ ቤታቸው ስለሆነ አልተከራከርኩም።

ረቡዕ

ዕቃ ቤቱ ዛሬ ትንሽ ቀዝቅዟል። ውጭው ከትናንት ጋር አንድ ነው። መስኮቱ ይሆናል።

ሐሙስ

የመስኮቱን ዙሪያ በጎማ አሸግሁ።

ዓርብ

አሁንም ይቀዘቅዛል። በሩ ነው። ከሥሩ አሮጌ ፎጣ ጠቀጠቅሁበት። ባለቤቴ ሻይ ይዛ መጥታ በሩን በትከሻዋ ስትገፋ ሰማኋት።

"ደግሞ ምን ዘጋህ?"

"ደግሞ" የሚለውን ቃል ልብ ብዬዋለሁ።

እሑድ

የጣቢያው ጨዋነት እያማረበት ነው። በሳቅ ምልክት የሚመልስ ጠፍቷል። ሳይለካ የሚያወራም ጠፍቷል። ዛሬ ሻይ ስታፈሉ የምትጠጡትን ያህል ውሃ ብቻ ጣዱ፣ ክዳኑንም ግጠሙ ብዬ ጻፍኩ። አንድም ሰው አልተቃወመም። ወሬው ራሱ ቀንሷል፤ ሕግ ሲከበር የሚጠበቅ ነው።

ከመኝታ በፊት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጆች ሆነን በአንድ ብርድ ልብስ ነበር የምንተኛው። ወንድሜ እንደ ምድጃ ይግላል፤ እኔ እግሬን ጀርባው ላይ እለጥፋለሁ። ሙቀት ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው የሚሄደው፤ ያኔ ሕግ መሆኑን አላውቅም ነበር። እሱም አንድ ቀን እንኳ እግርህን አንሳ አላለኝም።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ዕቃ ቤቱ ቀዝቅዟል።

ማክሰኞ ማታ

ራት ላይ ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ስማ፣ ወንድምህ..."

"በዚህ ቤት ስለ እሱ አይወራም።"

"አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ።"

"ስለ ማሞቂያው ስህተቱን አምኗል?"

"አንተ ሰውዬ፣ ስለ ማሞቂያ ማን አወራ?"

"እንግዲያው የሚወራ የለም።"

አየችኝ። ብዙ ዘመን አብረን ስለኖርን አስተያየቶቿን ለይቼ አውቃቸዋለሁ፤ ይሄኛው አዲስ ነው። ተነስታ ሾርባ ጣደች። ነገ በጠዋት የታመመ ሰው እጠይቃለሁ አለች። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የታመመ መጠየቅ የእሷ ሥራ ነው፣ እኔ አፌ አይፈታልኝም።

ጠዋት ሾርባውን አሙቃ ፔርሙሱ ውስጥ እንደምትጨምረው ስትነግረኝ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ባዶ ፔርሙስ ቀዝቃዛ ነው፤ የሾርባውን የመጀመሪያ ሙቀት መስታወቱ ይበላዋል። መጀመሪያ የፈላ ውሃ ጨምሪበት፣ ትንሽ ይቆይ፣ ድፊው፣ ከዚያ ሾርባውን እስከ አፉ ሙዪው፣ ክዳኑን በፎጣ ጠቅልዪው አልኳት። ሆስፒታል ድረስ ይፋጃል አልኳት።

"ሆስፒታል መሆኑን በምን አወቅህ?"

"የታመመ ሰው ሌላ የት ይተኛል?"

አፍንጫዋን በመሀረብ ጠረገች። ጉንፋን ይዟት ይሆናል።

ሐሙስ

የወንድሜን ሚስት አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አየኋት። ከስታለች። እጅ ነሳችኝና፣ "ሊመጡ ነው እንዴ ጋሼ?" አለችኝ።

"ወዴት?"

አውቶቡሷ መጣ። በሆስፒታሉ በኩል የሚያልፈው አውቶቡስ ነው። ገበያውም በዚያው በኩል ነው።

ቅዳሜ

የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ በሰም ደፈንኩ።

አሁንም ይቀዘቅዛል።

ሁለት ካልሲ ደርቤያለሁ። ሊደርቅ የተሰጣው እንደረጠበ ነው።

ሰኞ ማታ



ዛሬ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አሰብኩ። መስኮቱ ታሽጎ፣ በሩ ታሽጎ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ ክፍሉ ከቀዘቀዘ፣ ሙቀቱ እያመለጠ አይደለም። ከመጀመሪያውም እየመጣ አይደለም። ይህን ያኔውኑ ማሰብ ነበረብኝ። በፋብሪካው አንድ ተለማማጅ እንዲህ ቢሳሳት ኖሮ ከማሽኑ አጠገብ አባርረው ነበር። ማሽኑ የሚወስደውን ኤሌክትሪክ ለካሁ። እንደተኛ ሰው ነው የሚተነፍሰው። ፈታሁት፣ ጠረግሁት፣ ምንም አልሆነም። ጤነኛ ነው። የሚሠራው ነገር ነው ያጣው።

ጣቢያው ላይ፣ "ሰላም ለሁላችሁ። አላችሁ?" ብዬ ጻፍኩ።

የመለሰ የለም። ብቻ ከወጥ ቤት የባለቤቴ ስልክ ጩቅ ይላል፣ ደግሞ ጩቅ ይላል። ሳቋ ተሰማኝ። ፎጣውን ከበሩ ሥር ነቅዬ ሄድኩ።

"ምን ያስቅሻል?"

"የመምህርቷ ብርድ ልብስ። ዛሬም ጽፈውለታል፣ 'ከሰው ሁሉ እሱ ይሻለኛል' ብለው።"

"አንስቼው አልነበረም እንዴ?"

"እዚያ ማንም አያነሳባቸውም።"

"እዚያ የት?"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ማዶ ነን" አለች። "ሁላችንም። መምህርቷም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ ሁሉም። መረቡ ጣቢያ መቀየር ይፈቅዳል፣ አንተው ነህ 'ማንም የማንም ጌታ አይደለም' ያልከን።"

"አንቺም?"

"በሩን ስትዘጋ በየት ልውጣ? በመስኮት ወጣሁ።"

"ባለቤቴ ሆነሽ?"

"ባለቤትህ ሆኜ ነው! ወንድምህ ሆስፒታል ከተኛ ስንት ጊዜው ነው? ስንቴ ልነግርህ አፌን ከፈትኩ? 'ስለ እሱ አይወራም፣ ስለ እሱ አይወራም!' ሐሞቱ ውስጥ ጠጠር አለ። ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ ኦፕሬሽኑ እየተላለፈ ነው።"

ወንበር ፈለግሁ። ቅርብ ነበር።

"ትኩሳቱ ስንት ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ይፋጃል።"

"ሳትለኪ..." ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ።

"ሾርባውስ?" አልኳት።

"ለማን መሰለህ?"

ወደ ዕቃ ቤት ተመለስኩ። የዘጋሁበትን ቁልፍ ከፈትኩ። ተጠራቅሞ የቆየው ይጎርፋል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። መመሪያውን አወጣሁ። በተዘጋ ጊዜ የተላከ መልእክት አይቀመጥም ይላል፤ ደጃፍ ላይ ይጣላል። ይህን አውቀው ነበር፤ ለሌሎችም ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ሙቀት እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። ወንድሜ የጻፈው ግን የትም የለም።

ማክሰኞ

ሆስፒታል ሄድኩ። ክፍሉ እንደ ምድጃ ነው። ወንድሜ ቢጫ ሆኗል፣ አንሷል። ሲያየኝ መጀመሪያ ያለው ነገር ይህ ነው፦

"ጋሼ፣ ኮፍያህን አውልቅ። እዚህ ማሞቂያ አይጠፋም።"

"መስኮቱም አይዘጋም። በአንድ በኩል ያሞቃሉ፣ በሌላ በኩል ይጥላሉ።"

"ለነርሷ ንገራታ።"

"ገና ስገባ ነገርኳት።"

"ምን አለችህ?"

"የመጠየቂያ ሰዓት አጭር ነው አለችኝ።"

ተቀመጥኩ። አፌ አልፈታ አለ። "ሾርባው እንዴት ሆኖ ደረሰ?" አልኩት።

"ምላሴን አቃጠለኝ።"

"ጥሩ።"

"ጽፌልህ ነበር" አለ።

"አልደረሰኝም። በተዘጋ ጊዜ የተላከ ይጣላል።"

"አውቃለሁ። አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ?"

"ታዲያ እያወቅህ ለምን ጻፍክ?"

ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ።

"ምን ብለህ ነበር?"

"ምድጃ አይጠፋም።"

"ሁሉም ላይ?"

"አንዳንዱ ላይ ደግሞ፣ ጋሼ ፈርቻለሁ ብዬ ነበር።"

ነርሷ መጥታ ሰዓቱ አልቋል አለች። ሰዓቷ ይቀድማል፤ ነገርኳት። ልወጣ ስል ወንድሜ እጅጌዬን ያዘ። ማሽኑ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ሰዎቹ መንገድ ላይ ቀርተዋል፣ እባክህ እየው አለኝ። ኦፕሬሽኑ ከነገ ወዲያ ነው፤ ትኩሳቱ ከፈቀደ።

ረቡዕ ማታ

የወንድሜ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ሚስቱ ከፈተችልኝ። ማሽኑን ድምፁ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ በሩን ዘግቶበታል። ቁም ሳጥኑን ደግሞ ከማሞቂያው ጎን አቁሞታል። ማሞቂያው በዝቅታ፣ ቀኑን ሙሉ። ሊጥ ቢገባበት ይበስል ነበር። ማሽኑ ግሎ ግሎ ራሱን አጥፍቷል። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አጠፋ ነበር።

አንድ ነገር እውነቱን ልጻፍ። ማሽኑን ታቅፌ ቆሜ፣ እንዳለ ብተወው ሰዎቹ የት ይሄዳሉ ብዬ አሰብኩ። የሚመለሱት ወደ እኔ ነው፤ ሌላ የሚያውቁት ጣቢያ የለም። ዕቃ ቤቴም ይሞቃል። ማንም አያውቅም። ይህን ያሰብኩት አቧራውን በብሩሽ እየጠረግሁ ስለሆነ ማራገቢያው ሲጸዳ ሐሳቡም አብሮ አለቀ።

ማሽኑን ቀዝቃዛው ኮሪደር ውስጥ፣ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጥኩት። ተነሳ።

"ጋሼ፣ አደራ፣ ማሞቂያውን እንዳያጠፉት" አለችኝ የወንድሜ ሚስት። "ሲወጣ አይጠፋም ብሎኛል።"

አላጠፋሁትም። ቁም ሳጥኑን ግን ገፋ አደረግሁት።

ቤቴ ስመለስ ከራሴ ጣቢያ ወደ ማዶ ጻፍኩ፦ "ሰላም ለሁላችሁ። ማሽኑ ተስተካክሏል። የቆመው በሙቀት ብዛት ነው።" ፀጉር አስተካካዩ በሳቅ ምልክት ብቻ መለሰ። መምህርቷም። ሌሎቹም ተከተሉ። ዝም አልኩ፤ ጣቢያው የእኔ አይደለም። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ፣ "ጋሼ ዲግሪ፣ ወንድምዎ እንዴት ዋሉ?" ብሎ ጠየቀ። ሰላምታ አላስቀደመም። ጥያቄው ራሱ ሰላምታ ነው ብዬ ወሰንኩ።

ሐሙስ

ትኩሳቱ ወርዷል። ነርሷን ስንት ሆነ አልኳት፤ ነገረችኝ። መልካም ሴት ናት።

አስገቡት።

ኮሪደሩ ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ አጠገቤ ናት፤ ካፖርቷን ግማሹን እኔ ላይ ጣል አድርጋለች።

አልወጣም።

የወንድሜ ሚስት ስልኳን ይዛ የሚጽፉላትን ታነባለች። የሁለቱም ሰፈር ሰው ነው። አንዱ፣ "ሲነቃ ምድጃው አልጠፋም በሉት" ብሏል።

አልወጣም። ሰዓቴ ቆሟል መሰለኝ። አልቆመም።

ወጣ። ደህና ነው። ጠጠሩን በጠርሙስ አሳዩን። ሽምብራ የምታክል ናት፣ አንድ ቤተሰብ ስታሸብር የከረመችው።

ሰኞ

ሐኪሙ ደረጃ ከለከለው። የእኛ ቤት ምድር ላይ ስለሆነ ወንድሜና ሚስቱ ብርዱ እስኪወጣ እኛ ዘንድ ናቸው። እሱ ሳሎን ተኝቷል። ገና ሳይደላደል፣ "ጋሼ፣ እዚህ ቤት ሬሳ ነው የምታስቀምጡት?" አለ። ባለቤቴ እኔን እያየች ማሞቂያውን አበራች።

የሰፈሩ ሰው ሊጠይቀው ይጎርፋል። እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ አሰልፌ አስገባቸዋለሁ። በሩን ከፍታችሁ አትቁሙ እላቸዋለሁ። ከፍተው ይቆማሉ።

ዓርብ

መምህርቷ ወደ ጣቢያችን ተመልሰዋል፤ ቤቱ ስለሚቀርበኝ ነው አሉ፣ ምንም እንኳ ለመልእክት ቅርብና ሩቅ የሚባል ባይኖርም። ፀጉር አስተካካዩ እዚያው ማዶ ቀርቷል። አሁን ማሽኖቹ ስለሚነጋገሩ ማን የት እንደተቀመጠ ለውጥ የለውም። መምህርቷ ዛሬ እንደገና ስለ ብርድ ልብሳቸው ጻፉ። አላነሳሁትም። ከሥሩ፣ "ሰላም። ትክክል አይደለም። ደህና ይሙቁ" ብዬ ጻፍኩ። የሳቅ ምልክት ላኩ። ብቻውን።

ሰኞ

ሐኪሙ ወንድሜ በየጠዋቱ እንዲራመድ አዟል፤ አራታችንም አብረን እንወጣለን። ስንወጣ ማሞቂያው ይጥፋ አይጥፋ የሚለው ተነሳ። እኔ የፈተና ሐሳብ አቀረብኩ፦ አንድ ሳምንት ስንወጣ እናጠፋለን፣ አንድ ሳምንት በዝቅታ እንተወዋለን፣ ቆጣሪው ይፈርዳል።

"ስትፈርድ እንዳታዳላ" አለ ወንድሜ።

"ቆጣሪ አያዳላም።"

"ቆጣሪውን አይደለም ያልኩት።"

በዚህ ሳምንት ይጠፋል።

እሑድ

ስንመለስ ይቀዘቅዛል። ወንድሜ ሶፋው ላይ ሆኖ እጁን በብብቱ ሸጉጦ ሻዩን ይጠብቃል። ጥርሱን ሲያንገጫግጭ ይሰማኛል፤ ሆን ብሎ ነው መሰለኝ። ግማሹን ሆን ብሎ ነው።

ሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ በዝቅታ ይቆያል።

ሐሙስ

ከእርምጃ ስንመለስ ሳሎኑ ሞቆ ጠበቀን። ወንድሜ ካፖርቱን በሩ ላይ አወለቀ፣ ጫማውን ሳይፈታ አልጋው ላይ ጋደም አለ፣ ወዲያው አንኮራፋ። ባለቤቴም ካፖርቷን አወለቀች። ካፖርቷን ከሰቀለችበት ሳየው ለምን እንደገረመኝ አላውቅም። ከሥሩ አይቼው የማላውቀው ቀይ ሹራብ ለብሳለች። ከመቼ ጀምሮ ነው ቀይ ሹራብ ያላት?

እሑድ

ጠዋት ማንም ሳይነሳ ቆጣሪውን አነበብኩ። ውጭው በሁለቱም ሳምንት እኩል ነበር፤ ለክቻለሁ። ደጋግሜ ቀነስኩ፣ ደጋግሜ አነጻጸርኩ።

ትክክል ነበርኩ። ልዩነቱም ትንሽ አይደለም።

ቁርስ ላይ ወንድሜ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ፣ "እሺ ጋሼ፣ ቆጣሪው ምን አለ?" አለኝ። ባለቤቴ ዳቦ መቁረጧን አቆመች። የወንድሜ ሚስት ስልኳን አስቀመጠች። የሁለቱም ጣቢያ ሰው ውጤቱን ከትናንት ጀምሮ ይጠብቃል።

"አላነበብኩትም" አልኩ።

"አንተ?"

"ረሳሁት።"

"አንተ ቆጣሪ ማንበብ ረሳህ?"

"ሰው አይደለሁም እንዴ? አሁን ቀኑ አልፏል፣ ፈተናው ተበላሽቷል፣ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም።"

ወንድሜ አየኝ፣ ባለቤቴን አየ፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ሻዩ ፈሰሰ። ስፌቱን በእጁ ይዞ ይስቃል።

"አትሳቅ፣ ይፈታብሃል" አልኩት።

"ታዲያ አታስቀኛ!"

ለእርምጃችን ልንወጣ ስንል ኮፍያውን ጭንቅላቱ ላይ ደፋሁለትና ክንዱን ያዝኩ። ባለቤቴ ከኋላ ቀርታ በሩን ልትቆልፍ ስትል፣ "ማሞቂያውስ?" አለችኝ።

"ተዪው" አልኳት።